የቅኔ ጀማሪና አስነጋሪው

ሥነ ጽሑፍን መማር የሚጀምር ወጣት ብቻውን ሊወጣው የማይችል አንድ ችግር አለበት። ቃሉን ይሰማል፤ ምን እንደ ተባለ ግን አያውቅም። የኢትዮጵያ ቅኔ ቤት ለዚህ ችግር ረዳት ያቆመው ከብዙ ዘመን በፊት ነው። ረዳቱም መጽሐፍ ወይም ሐተታ ሳይሆን ጀማሪውን በዕድሜ ወይም በትምህርት ጥቂት የሚቀድመው ሌላ ተማሪ ነው፤ ስሙም አስነጋሪ ይባላል። ስለ ቅኔ የተጻፈው አብዛኛው ነገር ስለ ታላላቆቹ መምህራን ስለ ሆነ፣ ይህ ሰው ከታሪኩ ውስጥ ተረስቶ ቀርቷል።

የቅኔን አጀማመር አንዳንዶቹ ሊቃውንት ለቅዱስ ያሬድ ይሰጣሉ፤ ሌሎቹ ለዮሐንስ ገብላዊና ለተዋነይ ይሰጣሉ። ክርክሩ ረዥም ነው፤ ለዚህ ጽሑፍ ጕዳይ ግን አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ዋድላ፣ ዋሸራና ጎንጅ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መንገድ ቢይዙም፣ ጀማሪውን የሚቀበሉበት ሥርዐት ተቀራራቢ መሆኑን ማወቅ ነው።

ዳዊት የደገመ ተማሪ ቅኔ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚያገኘው ግሥ ነው። ከ«ቀተለ» ጀምሮ የግእዝ ግሦች ከነእርባታቸው በቃል ይያዛሉ። ከዚያም የቅኔው ዐይነት በደረጃ ይመጣል፤ በመጀመሪያ ሁለት ቤት ያለው ጉባኤ ቃና፣ ቀጥሎ ሦስት ቤት ያለው ዘአምላኪየ፣ እንዲህ እየተባለ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ይደረሳል። ጧት ተማሪው ከጓደኞቹ ተለይቶ ወደ ጫካ ወይም ወደ ቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ይሄዳል፤ ከዛፍ ሥር ተቀምጦም ቅኔውን ይቈጥራል። ቀለም በእጁ የለም፤ ብራናም አልያዘም። ቤት የሚመታውንና የማይመታውን፣ ሰሙንና ወርቁን፣ ሁሉንም በልቡ ይዞ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነገራው ነው።

የኔታ በወንበራቸው ተቀምጠው የብዙ ተማሪ ቅኔ በአንድ ቀን ሊሰሙ አይችሉም። ስለዚህ ጀማሪው ቅኔውን በመጀመሪያ የሚነግረው ለአስነጋሪው ነው። የአስነጋሪው ሥራ ምን እንደሚመስል በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ ጀማሪ ሰሙን ገበሬ፣ ወርቁን ሐዋርያ አደረገ እንበል፤ ግሡም «ዘርዐ» ነው። ገበሬው ስንዴ ይዘራል፣ ሐዋርያው ቃል ይዘራል፤ እስከዚህ ድረስ ተስማምቷል። ጀማሪው ግን ቤቱ እንዲመታለት ብሎ በመጨረሻ ቀንበር ጨመረ። አስነጋሪው እዚህ ላይ ያቆመዋል። ለሐዋርያው ቀንበሩ ምንድን ነው? ብሎ ይጠይቀዋል። ተማሪው መልስ ካጣ ቅኔው ጎድሏል፤ ቀንበሩ ወርቅ የሌለው ሰም ሆኖ ቀርቷልና። መልስ ካገኘ ግን ከመናገሩ በፊት ያላወቀውን ሐሳብ በገዛ አፉ አገኘ ማለት ነው። ስሕተቱ በተነገረበት ትንፋሽ ይታረማል፤ ለነገ አያድርም። አስነጋሪውም ራሱ በዚያው ወንበር ፊት ትናንት ያፈረ ስለ ሆነ፣ ጀማሪው የት ላይ እንደሚደናቀፍ ከየኔታ ይልቅ ቀርቦ ያውቀዋል።

የታረመው ቅኔ ወደ የኔታ ይቀርባል። የኔታም የራሳቸውን ይዘርፋሉ፤ ተማሪውም እየተቀበለ ይፈታል። «ዘረፋ» የሚለው ቃል ለእንግዳ ሰው ያስገርማል፤ ነገር ግን በቅኔ ቤት የሰው ቅኔ ወስዶ የራስ ማስመሰል ነውር ነው፤ የትናንቱን ደግሞ ማቅረብም አያስከብርም። በየቀኑ አዲስ ይፈለጋል።

ይህ ሁሉ ሲባል ቅኔ ቤት የምቾት ቦታ ነበረ ማለት አይደለም። ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቦ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ ቍራሽ ለምኖ ያድር ነበር። ቅኔ እንዲገለጥላቸው ብለው ዐብሾ የጠጡም ነበሩ፤ ዐብሾ አእምሮን የሚያናውጥ መርዛም ተክል ነው። ሰው እንዲህ ያለ ነገር እስኪሞክር ድረስ መድረሱ የጀማሪው ጭንቀት ምን ያህል እንደ ነበረ ያሳያል። አስነጋሪ ያለበት ጉባኤም ቢሆን ሁሉን አላዳነም።

በኻያኛው ምእት ዓመት ማተሚያ ቤት ሌላ ዐይነት ረዳት አመጣ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የቀደሙና የኋለኞች ሊቃውንትን ቅኔ ሰብስበው በ1918 ዓ.ም. አሳተሙ። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ታላቁ የሰዋስውና የግሥ መጽሐፍ በ1948 ዓ.ም. ወጣ። እነዚህ መጻሕፍት የማይጠገብ ጥቅም አላቸው፤ ሆኖም መጽሐፍ ቀንበሩ ምንድን ነው ብሎ አይጠይቅም።

ቅኔ ቤት በማያውቀው አገር ይኸው ችግር ከሌላ ወገን ተገኝቷል። በኬምብሪጅ ያስተምር የነበረው አይ. ኤ. ሪቻርድስ የደራሲያቸውን ስም ደብቆ ግጥሞችን ለተማሪዎቹ ይሰጥና የተሰማቸውን እንዲጽፉ ያደርግ ነበር። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1929 በመጽሐፍ አወጣ። ከዘረዘራቸው ዐሥር ችግሮች ፊተኛው፣ ብዙዎቹ አንባብያን የግጥሙን ግልጽ ትርጕም እንኳ ማግኘት አለመቻላቸው ነበር። በቅኔ ቤት ቋንቋ ቢነገር፣ ሰሙን ሳይፈቱ ወርቅ ይፈልጉ ነበር ማለት ነው። ልዩነቱ ግን ከፍ ያለ ነው። የኬምብሪጁ ተማሪ ጽፎ ይሰጣል፤ ስሕተቱ ለመምህሩ ምርምር ይሆናል። የቅኔው ተማሪ ግን ራሱ ገጣሚ ሆኖ ስለሚቀርብ፣ የሌላውን ቅኔ የሚፈታው የራሱ በተፈታበት መንገድ ነው። ሌላ ጕድለት ግን አለበት፤ የደራሲያንን ዘመንና ሥራ በተራ እያነጻጸረ የሚያጠና አልነበረም፤ የተዘረፈው ቅኔም አብዛኛው ሳይጻፍ ጠፍቷል።

በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ሆነ። በዚህ ጊዜ የሥነ ጽሑፍ ጀማሪ ሁለት መጋረጃ ገጠመው፤ አንዱ የግጥሙ ምስጢር ነው፣ ሁለተኛው የባዕድ ቋንቋው ነው። ከመካከላቸው በልጅነታቸው ቅኔ ቤት የቈዩ ሲኖሩ፣ በዚያ ያገኙት የመፍታት ልማድ ለእንግሊዝኛው ግጥም ይጠቅማል ብሎ ያሰበ ጥቂት ይመስላል። ዩኒቨርሲቲው ንግግርን ከመምህሩ፣ ጽሑፍን ከተማሪው ይጠብቃል። በመካከል ያለው ቦታ፣ ማለት ጀማሪው ያልበሰለ ሐሳቡን ድምፁን አሰምቶ የሚሳሳትበት ቦታ፣ ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። ሲሞላም ወረቀት በቀይ ቀለም በማረም ይሞላል፤ ወረቀቱም የሚመለሰው ተማሪው የጻፈበትን ምክንያት ከረሳ በኋላ ነው።

የቃል እርማት ኀይል ከሁሉ ይልቅ የሚታየው በእማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ጉባኤ ነው። በጎጃም በጽላሎ ቅኔ ያስተማሩት እኒህ ሴት ዐይነ ስውር ነበሩ። ቅኔ የወንዶች ትምህርት ተብሎ በሚታሰብበት ዘመን ወንዶች ደቀ መዛሙርት በፊታቸው ቆመው ይነግሩ ነበር። ምንም የሚያነቡት ወረቀት አልነበረም። የጎደለው ቤት በጆሮአቸው ይታወቅ ነበር፤ ተማሪውም ወደ ዛፉ ሥር ተመልሶ እንደ ገና ይቈጥር ነበር።