የኮምፒዩተር ማኅደረ ትውስታ አቆጣጠር ታሪክና ለትምህርት ቤቶች ያለው ቁም ነገር

በይፋት ቆላ፣ በቀወት ወረዳ፣ የማሽላ አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ አንድ ጎተራ ምን ያህል እህል እንደያዘ ለማወቅ ሦስት መንገዶች አሉ። አንደኛው ባለቤቱን ጠይቆ ቃሉን መቀበል ነው፤ ሁለተኛው ገብቶ መስፈር ነው፤ ሦስተኛው ለቀለብና ለዘር የተለየውን በየድርሻው መዝግቦ መያዝ ነው። ዘሩ በጎተራው ውስጥ ቢኖርም ለቀለብ አይቆጠርም። የኮምፒዩተር ማኅደረ ትውስታ፣ በተለምዶ ሜሞሪ የሚባለው፣ አቆጣጠር ታሪክም በእነዚሁ ሦስት መንገዶች ያለፈ ነው።

ኮምፒዩተር ሲበራ በቅድሚያ ሥራ የሚጀምረው በዋናው ሰሌዳ ላይ በቋሚነት የተቀመጠው ባዮስ የተባለው ፕሮግራም ነው። ባዮስ መሣሪያዎቹን ከፈተሸ በኋላ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ከዲስክ ያስነሣል። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙም የሜሞሪውን መጠን አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል፤ በሌለ ቦታ ላይ የተጻፈ መረጃ ይጠፋልና።

በነሐሴ 1973 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1981) የአይ.ቢ.ኤም. የግል ኮምፒዩተር ለገበያ ቀረበ። ፕሮሰሰሩ 20 የአድራሻ መስመሮች ስለነበሩት ከ1,024 ኪሎባይት በላይ ሊደርስ አይችልም ነበር፤ ከዚህም ውስጥ ለፕሮግራሞች የተተወው 640 ኪሎባይት ነበር። የተገጠመውን መጠን የሚያመለክቱት በሰሌዳው ላይ ያሉ ጥቃቅን ማብሪያ ማጥፊያዎች ሲሆኑ፣ የሚያስተካክላቸውም ሰው ነበር። ባዮስ መጠኑን ሲጠየቅ የሚመልሰው ይህንኑ በሰው እጅ የተነገረውን ቁጥር ነበር። ይህ የባለቤቱን ቃል እንደመቀበል ነው።

በነሐሴ 1976 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1984) የወጣው ኤ.ቲ. የተባለው ሞዴል እስከ 16 ሜጋባይት መድረስ የሚችል ነበር። በባትሪ በሚጠበቅ አነስተኛ ቋት ውስጥ የተመዘገበውን መጠን በሚነሣበት ጊዜ ራሱ ከቆጠረው ጋር ያመሳክራል፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ቁጥሩ 164 የሆነ የስሕተት ምልክት ያሳያል። ስለዚህ መዝገብና ቆጠራ ተገናኙ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ አዲሱ የመጠየቂያ ዘዴ ከመጀመሪያው ሜጋባይት በላይ ያለውን መጠን የሚመልሰው በ16 ቢት ቁጥር ስለነበረ ከ65,535 ኪሎባይት፣ ማለትም ከ64 ሜጋባይት ገደማ፣ አልፎ መናገር አይችልም ነበር። ሜሞሪ እየረከሰ ሲሄድ 128 ሜጋባይት የተገጠመለት መሣሪያ ግማሹን ብቻ የሚያሳይበት ጊዜ መጣ። የሊነክስ ተጠቃሚዎችም በማስነሻው ትእዛዝ ላይ ትክክለኛውን መጠን በእጃቸው ይጽፉ ነበር።

ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ለምን ራሱ አይሰፍርም የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። በየአድራሻው ጽፎ መልሶ ማንበብ ይቻላል፤ ነገር ግን አንዳንዱ አድራሻ የሜሞሪ ሳይሆን የሌላ መሣሪያ በመሆኑ፣ በላዩ መጻፍ መሣሪያውን ሊያውክ ይችላል። አንዱ ቦታ በሁለት አድራሻ ሲታይም ሁለት ጊዜ ይቆጠራል።

ለዚህ መፍትሔ የሆነው በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተስፋፋው ኢ820 የተባለው ጥሪ ነው። ይህ አንድ ድምር ከመስጠት ይልቅ የእያንዳንዱን ክፍል መነሻ፣ ርዝመትና ዓይነት በተራ ይዘረዝራል፤ 1 ነጻ፣ 2 ደግሞ የተከለለ ማለት ነው። ዘሩ ከቀለቡ የተለየው በዚህ ጊዜ ነው።

ከዚህ ታሪክ መምህራንና የዕቅድ ባለሙያዎች የሚቀስሙት ትምህርት አለ። ያገለገሉ ኮምፒዩተሮች ለትምህርት ቤት ሲደርሱ በርክክብ ሰነዱ ላይ የተጻፈው፣ ባዮስ የሚያሳየውና ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ የሚጠቀምበት መጠን ላይስማሙ ይችላሉ። የምስል ክፍሉ ከዋናው ሜሞሪ ድርሻ ወስዶ ሊሆን ይችላል፤ 4 ጊጋባይት የተገጠመለት መሣሪያም በ32 ቢት ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሲሠራ ብዙውን ጊዜ ከዚያ ያነሰ ያሳያል። ስለሆነም ልዩነት በታየ ቁጥር ንብረት ጎደለ ብሎ የንብረት ክፍል ሠራተኛውን መጠየቅ ተገቢ አይደለም። ይልቁንም ሦስቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን መመዝገብ፣ ልዩነቱንም ከተማሪዎች ጋር መመርመር ይበጃል። እንዲህ ሲደረግ ንብረቱ ይጠበቃል፣ ሠራተኛው ያለጥፋቱ አይወቀስም፣ ተማሪውም አንድን ቁጥር ከመቀበሉ በፊት ምን እንደተቆጠረና ማን እንደቆጠረው መጠየቅን ይለምዳል።