ሼህ ሖጀሌ፣ ሲት አምናና የቅጣት ሚዛን

በነሐሴ 1934 ዓ.ም. የወጣው፣ ባርነትን በሕግ የሻረውና ሰውን ለባርነት በሚያጓጉዝ ሁሉ ላይ እስከ ሞት የሚያደርስ ቅጣት የደነገገው አዋጅ፣ ወርኀ ነሐሴ በመጣ ቁጥር ቢታሰብ የተገባ ነው፤ ነገር ግን ያ ከባድ ቅጣት ከመጻፉ በፊት በዚያው በደል ማን እንደ ተቀጣና ማን እንደ ተማረ ለማወቅ የሚወድ ሰው፣ ዐይኑን ወደ አሶሳ አዙሮ የሼህ ሖጀሌ አልሐሰንንና የባለቤታቸውን የሲት አምናን ነገር ቢመረምር ይሻለዋል።

ራስ መኰንን በ1890 ዓ.ም. ወደ ቤንሻንጉል ዘምተው ድል ካደረጉ በኋላ፣ አቆልዲ፣ ቤላ ሻንጉልና ኮሞሻ ለዐፄ ምኒልክ ገባር መሆናቸው የታወቀ ነው። የአቆልዲው ሖጀሌ በአዲስ አበባ በግዞት ከቆዩ በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው ገዢ ሆኑ። የበርታ ሴቶች ከወንዝ ዳር ጐንበስ ብለው፣ አሸዋውን በገበቴ እያጠቡ የሚለዩት ደቃቅ ወርቅ በወቄት እየተመዘነ ወደ ቤተ መንግሥት ይላክ ነበር፤ ከወርቁም ጋር ከጉሙዝ፣ ከማኦና ከኮሞ መንደሮች የተነጠቁ ምስኪኖች ይነዱ ነበር። የባሪያ ንግዱን ታሪክ በጥንቃቄ ያጠኑት አብዱሰመድ አሕመድ ይህን ጉዳይ እስከ 1930 ዓ.ም. ድረስ ተከታትለውታል።

ከድንበሩ ማዶ፣ በሱዳን በኩል፣ የነበረው ፍርድ ግን ሌላ መልክ ነበረው። በጀሮክ ተራራ ላይ መሽጎ ሰው ያድን የነበረውን ኢብራሂም ወድ ማሕሙድን የእንግሊዝ ጦር በ1896 ዓ.ም. ዘምቶበት፣ ይዞ ሰቀለው። ከዚያ በኋላ እነዚያው እንግሊዞች፣ ሲት አምና በሱዳን ወሰን እንዲሰፍሩ ፈቅደው፣ የሹመት ያህል ሥልጣን ሰጥተው፣ ለረጅም ዓመታት እንደ ወዳጅ አኖሯቸው፤ በ1920 ዓ.ም. ገደማ ግን በዐባይ ሸለቆ የሚሸጡ ብዙ ባሮች ምንጫቸው ወደ እርሳቸው ቤት የሚያመራ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ ተይዘው ለፍርድ ቀረቡ፣ ወደ ወህኒም ወረዱ።

የነገሩ ክርክር እዚህ ላይ ነው። አንዳንዶች ሲት አምናን በራሳቸው ትእዛዝ የሚነግዱ፣ ባልን የማይጠይቁ ባለሀብት ያደርጓቸዋል፤ በሱዳን የነበሩት የእንግሊዝ ሹማምንትም ይህን አነጋገር ይወዱት ነበር፤ ለዓመታት አምነው ያስቀመጧቸውን ሰው እንደ አታላይ መግለጽ ለራሳቸው መጽናኛ ነበርና። ሌሎቹ ደግሞ ሴትዮዋ የባላቸው ቀኝ እጅ ነበሩ ይላሉ። ባሮቹ ከሖጀሌ ግዛት እየወጡ፣ በሖጀሌ ሰዎች እየተነዱ ወሰን መሻገራቸውን ለሚያስብ፣ ይህ ሁለተኛው ነገር ወደ ልብ ይቀርባል፤ ታዲያ ሚስት በወህኒ ሳሉ ባል በአሶሳ እንደ ጌታ መኖራቸው፣ በአዲስ አበባም፣ ሸጎሌ የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘበት ቤታቸው እንደ ቆመ መቅረቱ እንዴት ፍትሕ ይባላል?

ሕግ ጠፍቶ አልነበረም። ኦሪት ዘጸአት ሰውን ሰርቆ የሸጠውን በሞት ይቀጣል። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. ወደ መንግሥታት ማኅበር ከገባች በኋላ፣ አልጋ ወራሽ ተፈሪ በዚያው ዓመት መጋቢት የባሪያ ንግድን የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። የ1923 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ቅጣቱ እንደ ጥፋተኛው ማዕረግና ሀብት እንዲመዘን ፈልጎ ነበር። ሼህ ሖጀሌ ግን ወርቅ ገባሪ ነበሩ፤ በ1930 ዓ.ም. እስኪሞቱም ድረስ ስለዚህ ጉዳይ ዳኛ ፊት አልቆሙም።

ዛሬ የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 596 ሰውን ባሪያ ያደረገውን ከ5 እስከ 20 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ በሰው የመነገድን ወንጀል የሚከላከለው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 አለ፤ ዳኞችም ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ማክበጃውንና ማቅለያውን የሚያሰሉበት መመሪያ አላቸው። በኩርሙክ መንገድ ወጣት የሚያሻግር ደላላ በአሶሳ ችሎት ሲቆም፣ ዐቃቤ ሕግ ገንዘቡ ወደ ማን ኪስ እንደ ገባ እስከ መጨረሻው ሳይመረምር ክሱን ቢዘጋ፣ ለደላላው 20 ዓመት ቢፈረድበት እንኳ ያው የሲት አምና ፍርድ ነው።