እያንቀላፉ ማሽከርከር

እያንቀላፉ ማሽከርከር ማለት እንቅልፍ ያጣ፣ የዛለ ወይም የሚያስተኛ መድኃኒት የወሰደ ሰው ንቃቱ ተዳክሞ ተሽከርካሪ መንዳቱ ነው። አደጋው የሚጀምረው ዐይን ከመከደኑ በፊት ነው፤ ሐሳብ ይበተናል፣ ፍሬን ለመያዝ እግር ይዘገያል፣ መኪናው ከመስመሩ ወጣ ገባ ይላል። ከዚያ ሽልብታ ይከተላል። ሽልብታ ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ የሚቆይ እንቅልፍ ሲሆን፣ ያሸለበው ሰው ራሱ ብዙ ጊዜ አያውቀውም። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና አራት ሰከንድ በሚቆይ ሽልብታ 100 ሜትር ያህል ያለ ነጂ ይሄዳል ማለት ነው።

እንቅልፍ የሚበረታው ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋትና ከምሳ በኋላ ባሉት ሰዓታት ነው፤ ይህ የሰውነት ውስጣዊ የጊዜ ሥርዓት የሚያመጣው እንጂ የስንፍና ጉዳይ አይደለም። በእንቅልፍ ላይ ትንፋሻቸው የሚቆራረጥ ሰዎች ሌሊቱን ሙሉ ተኝተውም ቀን ያንቀላፋሉ። ድሩ ዳውሰንና ካትሪን ሪድ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት፣ 17 ሰዓት ያለ እንቅልፍ የቆየ ሰው ቅልጥፍናው በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚመሳሰል አሳይተዋል።

ሾፌሮች እንቅልፍን ለማባረር መስኮት ይከፍታሉ፣ ሙዚቃ ያስጮኻሉ፣ ፊታቸውን በውኃ ያብሳሉ። የእነዚህ ጥቅም ቢበዛ ለደቂቃዎች ነው። በኢትዮጵያና በአካባቢው አገሮች ጫት ሌላው መሣሪያ ነው። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር አእምሮን ያነቃል፤ ያጣነውን እንቅልፍ ግን አይተካም፤ ምርቃናው ሲበርድ ድካሙ ይመለሳል። በላዩ ጨብሲ (ምርቃናን ለማብረድ የሚጠጣ አልኮል) ከተጨመረበት ደግሞ ሾፌሩ በአንድ ጊዜ ደካማም ሰካራምም ይሆናል። ቡና የተሻለ ቢሆንም ለመሥራት ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ከሁሉም የሚሻለው ጥግ ይዞ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ መተኛትና ለመንዳት ከመነሳት በፊት ድንዛዜው እስኪለቅ መጠበቅ ነው፤ ይህም ቢሆን የሙሉ ሌሊት እንቅልፍን አይተካም።

ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የሾፌሩ ብቻ አይደለም። ከኢትዮጵያ የወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ በኩል ያልፋል፤ አብዛኛውም በተሳቢ መኪና ይጓጓዛል። ክፍያው በምልልስ ቁጥር የሚታሰብለትና የአፋርን የቀን ሐሩር ሸሽቶ ሌሊት የሚነዳ ሾፌር ለማረፍ የሚገፋፋው ነገር የለም። በአሜሪካ የጭነት መኪና ሾፌር ለ10 ሰዓት ካረፈ በኋላ በ14 ሰዓት ውስጥ ከ11 ሰዓት በላይ እንዳይነዳ ሕግ ያግደዋል፤ እ.ኤ.አ. ከ2017 መጨረሻ ጀምሮም አብዛኞቹ መኪኖች ሰዓቱን የሚመዘግብ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ እንዲገጠምላቸው ግዴታ ሆኗል።

እንቅልፍ ከመጠጥ የሚለየው ማስረጃ ባለመተዉ ነው። በትንፋሽ የሚለካ መሣሪያ የለም፤ ከግጭቱ በኋላ ድንጋጤው ራሱ ሾፌሩን ያነቃዋል። መርማሪ የሚፈልገው የፍሬን ምልክት አለመኖሩን፣ የአደጋውን ሰዓትና የሾፌሩን የቀደመ ውሎና አዳር ነው። የአሜሪካ የመንገድ ትራፊክ ደህንነት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ፖሊስ ከመዘገባቸው አደጋዎች 91,000 የሚሆኑት ካንቀላፉ ሾፌሮች ጋር የተያያዙ መሆናቸውን ገምቷል፤ 50,000 ያህል ሰዎች ተጎድተውባቸዋል፣ 800 የሚጠጉ ሞተዋል። መሥሪያ ቤቱ ራሱ ቁጥሩ ከእውነተኛው ያነሰ እንደሆነ ያምናል።

ይህ የማስረጃ ችግር በተጎጂው ላይ ይወድቃል። በአሜሪካ ካሣ ጠያቂው በአብዛኛው የሾፌሩን ቸልተኝነት ማስረዳት አለበት። የኒው ጀርሲ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣችው፣ የማጊ ሕግ በሚባለው ድንጋጌ፣ ከ24 ሰዓት በላይ ሳይተኛ ነድቶ ሰው የገደለን ሾፌር እንደ ግድየለሽ ነጂ ልትቆጥረው ችላለች። በዚያው ግዛት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2014 አንድ የዎልማርት ከባድ መኪና ኮሜዲያን ትሬሲ ሞርጋንን የያዘ ተሽከርካሪ ገጭቶ ጄምስ ማክኔር የተባለውን የሞርጋንን ባልደረባ ገደለ። የአገሪቱ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ሾፌሩ 28 ሰዓት ያህል እንዳልተኛ ደረሰበት። ኩባንያው ተጎጂዎቹ የደህንነት ቀበቶ አላሰሩም ብሎ ቢከራከርም፣ በቀጣዩ ዓመት ከሞርጋን ጋር በስምምነት ጨርሷል።

የኢትዮጵያ ሕግ በዚህ ረገድ ለተጎጂው ይቀላል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 መሠረት የተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም ተጠያቂ ነው። ስለዚህ በመኪናው የተገጨ እግረኛ ሾፌሩ ማንቀላፋቱን ማስረዳት አይጠበቅበትም፤ ባለቤቱ ሊከራከር የሚችለው በዋናነት የተጎጂው የራሱ ጥፋት አለበት በማለት ነው። ከፍሎ የተሳፈረ መንገደኛ ግን ከአጓጓዡ ጋር ውል ስላለው ጥያቄው በውሉና በማጓጓዣ ሕግ በኩል ይታያል።

በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 ማንኛውም የመኪና አደጋ ተጎጂ እስከ 2,000 ብር የሚደርስ አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ ሲወጣ ደንግጎ ነበር። ገጭቶ ባመለጠ ወይም መድን በሌለው መኪና ለተጎዳም የመድን ፈንድ አለ። አዋጁ ሲወጣ ለሞትም ሆነ ለአካል ጉዳት የወሰነው ጣሪያ 40,000 ብር ነበር፤ ይህ አንድ ከባድ ስብራት ለሚጠይቀው ሕክምና እንኳ የሚበቃ አይደለም። ቀሪውን ተጎጂው ከባለቤቱ በክስ መጠየቅ ይችላል፤ ሾፌሩ በወንጀል ከተከሰሰም የካሣ ጥያቄውን በዚያው ችሎት ማቅረብ ይፈቀድለታል። የካሣ ክስ በመሠረቱ ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ድርጊቱ ከዚህ የረዘመ የይርጋ ጊዜ ያለው ወንጀል ከሆነ ግን የሚሠራው ረዥሙ ጊዜ ነው።