የወንድና የሴት ድርሻ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን

ወንድና ሴት በእግዚአብሔር ፊት አንድ ክብር እንዳላቸው፣ በቤተ ክርስቲያን አገልግሎትና በትዳር ግን ድርሻቸው እንደሚለያይ የሚያስተምረው የክርስትና አመለካከት በኢትዮጵያ ጥንታዊ ነው። በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ ከመካነ ሰላም እስከ አማራ ሳይንቷ ተድባበ ማርያም፣ ልዩነቱ ከበሩ ይጀምራል። ወንዶች በሰሜን፣ ሴቶች በደቡብ በኩል ይቆማሉ። መገበሪያውንና ጸበል ጸዲቁን ከየቤቱ አዘጋጅተው የሚያመጡት ሴቶች ናቸው፤ ኅብስቱን በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ባለው ቤተልሔም የሚጋግሩት ግን ዲያቆናት ናቸው። መቋሚያና ጽናጽል ይዞ ማኅሌት መቆም የወንዶች ሲሆን እልልታው የሴቶች ነው።

ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ። እናትየዋም እስከዚያ ቤተ መቅደስ አትገባም። ቁጥሩ የኦሪት ዘሌዋውያንን ምዕራፍ 12 የተከተለ ሲሆን፣ መጽሐፈ ኩፋሌ ደግሞ አዳም በ40፣ ሔዋን በ80 ቀን ገነት ገቡ ይላል። ወንዱ የክርስትና አባት፣ ሴቷ የክርስትና እናት ይኖራቸዋል፤ እሱ ወልደ እገሌ፣ እሷ ወለተ እገሌ ትባላለች። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ አንድ ነው፤ ውሃው፣ ሜሮኑ፣ አንገት ላይ የሚታሰረው ማዕተብ፣ በዚያው ዕለት የሚቀበሉት ሥጋ ወደሙ። ስለ ልዩነቱ ብዙ የሚናገር ሰው ይህን አንድነት መዝለል የለበትም።

ክህነት ለወንዶች ብቻ ነው። ለዚህ የሚቀርበው ማስረጃ ጌታ አሥራ ሁለቱን ሐዋርያት ከወንዶች መምረጡና የቅዱስ ጳውሎስ መልእክታት ናቸው። ሊቃውንቱ ግን ክህነት የክብር መለኪያ እንዳልሆነ ለማሳየት እመቤታችንን ይጠቅሳሉ፤ ከፍጡራን ሁሉ በላይ የምትከበረው እርሷ ካህን አልነበረችም። የቄሱ ክህነትም በአንድ ትዳር የታሰረ ነው፤ ሚስቱ ሞታ ወይም ተፋትተው ሌላ ቢያገባ ክህነቱ ይፈርሳል። የትዳሩ ክብር ግን የሁለቱም ነው፤ በተክሊል ጋብቻ አክሊል የሚደፋው ለሙሽራውም ለሙሽሪትም ነው።

ባል የሚስት ራስ ነው የሚለው የኤፌሶን መልእክት ባልየው ሚስቱን እስከ ሞት እንዲወድ ያዛል፤ በየቤቱ ግን የሚጠቀሰው አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ግማሽ ብቻ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ባልን የቤተሰብ አስተዳዳሪ አድርጎ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን ሽሮ ባልና ሚስትን እኩል አደረገ፤ የአማራ ክልልም የራሱን የቤተሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. አወጣ።

ከሥርዓቱ ጋር የተቀላቀለ ልማድም አለ። በገጠር ሴት ዶሮ አታርድም። ባሏ መንገድ ከሄደ፣ ዶሮዋን በክንፏ ይዛ ደጅ ቆማ አላፊ ወንድ ትጠብቃለች፤ አሥር ዓመት ያልሞላው የጎረቤት ልጅ ቢገኝ እንኳ ቢላዋውን ለእርሱ ትሰጣለች። ይህን ሃይማኖት ያዘዘው የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ በሐዲስ ኪዳን ግን እንዲህ የሚል ትእዛዝ የለም። ልማድን በእግዚአብሔር ስም መጥራት ለሴቶቹም ለሃይማኖቱም በደል ነው።

ሌሎች አብያተ ክርስቲያናት በተለያየ መንገድ ሄደዋል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ክህነትን ለወንዶች ብቻ ትሰጣለች። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ሴቶች ቄስ እንዲሆኑ እ.ኤ.አ. በ1997 ወስናለች። የእስክንድርያ የግሪክ ኦርቶዶክስ መንበረ ፓትርያርክም እ.ኤ.አ. በ2024 በዚምባብዌ አንዲት ሴት በዲያቆናዊትነት ሾሟል፤ በሮሜ መልእክት መጨረሻ የተጠቀሰችው ፌበንም የክንክራኦስ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበረች።

በኢትዮጵያ የሴት መሪነት ከክህነት ውጭ ሰፊ ቦታ አግኝቷል። በጎጃም ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ቅኔ ዘርፈው ወንዶችን አስተምረዋል። ከሁሉ በላይ የምትታወሰው ግን ወለተ ጴጥሮስ ናት (እ.ኤ.አ. 1592–1642)። ባሏ መልክአ ክርስቶስ የዐፄ ሱስንዮስ የጦር አለቃ ነበር። ንጉሡ ወደ ካቶሊክ ሲያዘነብልና ጳጳሱ አቡነ ስምዖን ሲገደሉ ባሏን ትታ መነኮሰች። ከመነኩሲት ባልንጀራዋ ከእኅተ ክርስቶስ ጋር ሆና የንጉሡን ሃይማኖት በግልጽ ተቃወመች፤ ለዚህም ተጋዘች። በጣና ዙሪያ ወንዶችም ሴቶችም የሚኖሩባቸውን ማኅበራት መሠረተች። ቅዳሴውን ካህናት ይቀድሱ ነበር፤ ማኅበሩን የምትመራውና የምትገሥጸው ግን እርሷ ነበረች። ገድሏን መነኩሴው ገላውዴዎስ እ.ኤ.አ. በ1672 ጻፈ። ቤተ ክርስቲያኒቱ ኅዳር 17 ቀን በቅዱሳን ማዕረግ ታስባታለች።