ሞክሼ ቃላትና አነባበባቸው፤ ከእንግሊዝኛ እስከ ቤንች

«ሞክሼ» በአማርኛችን አንድ ስም የሚጋሩ ሰዎች የሚጠራሩበት ቃል ነው። ከሰው ስም ተነሥቶ ወደ ፊደል ስለ ተሻገረም ሀ፣ ሐና ኀን፣ ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን «ሞክሼ ፊደላት» ስንል ቆይተናል። እዚህ ላይ ቃሉን አንድ እርምጃ ወስደን፣ በድምፅ አንድ ሆነው በጽሕፈት የሚለያዩትን ቃላት «ሞክሼ ድምፅ»፣ በጽሕፈት አንድ ሆነው በድምፅ የሚለያዩትን ደግሞ «ሞክሼ ጽሕፈት» እንላቸዋለን። ሁለቱን ማደባለቅ ተርጓሚንም መዝገበ ቃላት አዘጋጅንም እንደሚያሳስት ሚዛን ተፈሪ ስንደርስ እናያለን።

ሞክሼ ድምፅ በእንግሊዝኛ የበዛ ነው። ሌሊት የሚል ትርጉም ያለው «ናይት» እና የመካከለኛውን ዘመን ፈረሰኛ ጦረኛ የሚጠራው «ናይት» በጽሕፈት ይለያያሉ፤ የኋለኛው በመነሻው «ኬ» የተባለችውን ፊደል ይዟል። ይህች ፊደል ቀድሞ ትነበብ ነበር፤ በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት ገደማ ከአፍ ወጣች፣ ከወረቀት ግን አልወጣችም። እንግዲህ ትክክለኛው አነባበብ ሁለቱን በአንድ ድምፅ መጥራት ነው። ፊደሉ ከተለየ ድምፁም ይለይ ብሎ ልዩነት የሚፈጥር ተማሪ፣ የተጠነቀቀ መስሎት ይሳሳታል። የእኛም ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም። በግዕዝ «ሠረቀ» የፀሐይ መውጣት፣ «ሰረቀ» የሌባ ሥራ ነው። ሠና ሰ በጥንቱ ሁለት ድምፆች ነበሩ፤ ዛሬ በዐይን እንጂ በጆሮ አይለዩም።

ሞክሼ ጽሕፈትስ? «ገና» ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው፤ ሲላላ ጊዜው አለመድረሱን ይገልጻል። «ዋና» ሲጠብቅ ከሁሉ የሚቀድመው፣ ሲላላ በውኃ መዋኘት ነው። አማርኛ አንባቢ ከዐውዱ ስለሚረዳ ጥብቀቱ አለመጻፉ እምብዛም አላስቸገረውም። ይህን ልማድ ይዘን ወደ ሌላ ቋንቋ ስንሄድ ግን ነገሩ ይለወጣል።

በሚዛን ተፈሪ ዙሪያ የሚነገረው፣ ቀድሞ በውጭ ሰዎች «ጊሚራ» ይባል የነበረው ቤንች ከኦሞቲክ ቋንቋዎች አንዱ ነው። ክላውስ ቬዴኪንድ እ.ኤ.አ. በ1983 በ«ጆርናል ኦፍ ኢትዮጵያን ስተዲስ» ባወጡት ጥናት ይህ ቋንቋ ስድስት ቃና እንዳለው አሳይተዋል፤ አምስቱ በየደረጃቸው የሚጸኑ፣ አንዱ ከታች ወደ ላይ የሚወጣ ናቸው። በተናባቢም በአናባቢም አንድ የሆኑ ቃላት በቃና ብቻ ይለያሉ። ላልለመደ ጆሮ ሞክሼ ድምፅ የሚመስሉት ለባለቤቱ ከቶ ሞክሼ አይደሉም። ለዚህ ከሁሉ የሚያስደንቀው ማስረጃ ፉጨቱ ነው፤ በተለይ ወንዶች በከንፈራቸው ወይም ሁለት እጃቸውን ገጥመው እያፏጩ ከሩቅ ይነጋገራሉ፤ በአምስት አውታር ክራርም እንዲሁ።

በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በዐሥራ አምስት ቋንቋዎች በግዕዝ ፊደል ሲያስተምር፣ ከአካባቢው ከፋ-ሞቻ ሲገባ ቤንች አልገባም። በኋላ አዲስ ኪዳን በቤንች በግዕዝ ፊደል ታተመ፤ ቃናው ግን አልተመለከተበትም። እ.ኤ.አ. በ2008 በላቲን ፊደል ላይ የተመሠረተ አጻጻፍ ጸደቀ። በእኛ አስተያየት የፊደሉ መለወጥ ብቻውን ነገሩን አይፈታውም። በተራ ጽሑፍ ቃና ቢቀር አንባቢው በዐውዱ ይሞላው ይሆናል፤ የመዝገበ ቃላት መሪ ቃል ግን ዐውድ የለውም፤ ስለዚህ ቃናው አብሮት መጻፍ አለበት። ቬዴኪንድ ይህን ከርእሳቸው ጀምረው አድርገውታል፤ «ቤንች ኖን» የሚለውን የቋንቋውን ስም ሲጽፉ በሁለቱም ቃላት ራስጌ 4 ቍጥርን አስቀምጠዋል።