የማጣቀሻ ስልት

የማጣቀሻ ስልት ማለት አንድ ጸሐፊ ሐሳብ፣ ቁጥር ወይም ጥቅስ ከሌላ ሰው ሥራ ሲወስድ ምንጩን በጽሑፉ ውስጥና በመጨረሻው የዋቢ ጽሑፎች ዝርዝር ላይ የሚያሳይበት ወጥ ሥርዓት ነው። በዩኒቨርሲቲ ጽሑፎች በብዛት የሚታወቁት ኤፒኤ፣ ኤምኤልኤ፣ ቺካጎ፣ ሃርቫርድና አይ-ትሪፕል-ኢ ናቸው። እነዚህ ስልቶች የራስ ስም ቀድሞ የቤተሰብ ስም የሚከተልበትን የምዕራባውያን አጠራር መሠረት ያደረጉ ናቸው። ስለዚህ የኢትዮጵያ ደራስያንን የሚጠቅስ ተማሪ ከስልቱ ምርጫ ይልቅ በስምና በዓመት አጻጻፍ ይቸገራል።

አመራረጥ

ብዙውን ጊዜ መራጩ ተማሪው አይደለም። የትምህርት ክፍሉ መመሪያ ካለው ወይም መምህሩ አንዱን ስልት ካዘዘ ያ ይበቃል። ምርጫው ለተማሪው ሲተው ግን እያንዳንዱ ስልት ለየትኛው ዓይነት ጽሑፍ እንደተሠራ ማወቅ ይጠቅማል።

ኤፒኤ የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር ስልት ነው። መነሻው በ1929 እ.ኤ.አ. በአንድ መጽሔት ላይ የወጣ የሰባት ገጽ መመሪያ ሲሆን፣ ሰባተኛው እትም በ2019 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። በሥነ ልቦናና በትምህርት ጥናት አንድ ግኝት መቼ እንደታተመ ማወቅ ስለሚያስፈልግ ዓመቱ ከደራሲው ስም ጎን በቅንፍ ይቀመጣል። ኤምኤልኤ ለቋንቋና ለሥነ ጽሑፍ የተሠራ ነው፤ አንባቢው ጥቅሱን ከመጽሐፉ ጋር እንዲያመሳክር በቅንፉ ውስጥ ከዓመት ይልቅ የገጽ ቁጥር ይገባል። በ1906 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው የቺካጎ መመሪያ ሁለት መንገድ ቢኖረውም የታሪክ ተማሪዎች የሚመርጡት የግርጌ ማስታወሻውን ነው። ደራሲውም ዘመኑም ያልተጻፈበትን የብራና መጽሐፍ በስምና በዓመት መጥቀስ አይቻልም፤ በግርጌ ማስታወሻ ግን የሚገኝበትን ቤተ መጻሕፍት፣ የመዝገብ ቁጥሩንና ቅጠሉን ዘርዝሮ መጻፍ ይቻላል። በምህንድስናና በኮምፒውተር ሳይንስ የተለመደው አይ-ትሪፕል-ኢ ምንጮችን በተጠቀሱበት ቅደም ተከተል ቁጥር ይሰጣቸዋል።

ሃርቫርድ ከሌሎቹ ይለያል። ዓመትን በቅንፍ መጥቀስ የጀመረው የሃርቫርዱ የእንስሳት ሊቅ ኤድዋርድ ማርክ በ1881 እ.ኤ.አ. ስለ አንድ ቅርፊት አልባ ቀንድ አውጣ ባሳተመው ጥናት ነው ይባላል። ሆኖም ስልቱ አንድ ባለቤትና አንድ መመሪያ የለውም፤ ዩኒቨርሲቲዎች በየራሳቸው ነጠላ ሰረዝና ነጥብ ያዘጋጁታል። «በሃርቫርድ ጻፉ» የተባለ ተማሪ የየትኛው ተቋም ሃርቫርድ እንደሆነ ቢጠይቅ አያስወቅስም።

የኢትዮጵያውያን ስም

በኢትዮጵያና በኤርትራ ከራስ ስም ቀጥሎ የሚመጣው የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም አይደለም። ኤፒኤን እንዳለ የተከተለ ተማሪ በ1991 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ የታተመውን የባሕሩ ዘውዴን የዘመናዊ ኢትዮጵያ ታሪክ «ዘውዴ፣ ባ.» ብሎ ይመዘግባል። መጽሐፉን የጻፉት ግን አባትየው አይደሉም።

ጉዳቱ ከአክብሮት ያልፋል። የአንድ ደራሲ ሥራዎች ግማሹ በራሱ፣ ግማሹ በአባቱ ስም ሲመዘገቡ ፍለጋም ሆነ የጥቅስ ቆጠራ ሁለት ሰው ያደርገዋል። በተቃራኒው «ከበደ፣ አ.» አበበም፣ አልማዝም፣ አየለም ሊሆን ስለሚችል የማይዛመዱ ሰዎች አንድ ይሆናሉ። ድርብ ስም ሲመጣ ደግሞ ይብሳል። ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የመጨረሻ ቃሉ ብቻ ተቆርጦ «ሥላሴ፣ ኅ. ወ.» ይሆናል፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም «መድኅን» ሆኖ ይቀራል።

በኢትዮጵያ ጥናት ዘርፍ የተለመደው መፍትሔ ስሙን ሳይገለብጡ ሙሉውን መጻፍ ነው፦ ባሕሩ ዘውዴ፣ ታደሰ ታምራት። ኢንሳይክሎፒዲያ ኤትዮፒካም ኢትዮጵያውያንን የሚዘረዝረው በራሳቸው ስም ነው። በአማርኛ በሚጻፍ ጥናት በቅንፍ ውስጥ የራስ ስም ብቻ ይበቃል፤ ሁለት ታደሰ ካሉ የአባት ስም ይጨመራል። ማዕረግ አይቀድምም፤ ካስፈለገ «ኅሩይ ወልደ ሥላሴ (ብላቴን ጌታ)» ተብሎ በኋላ ይገባል። በላቲን ፊደል ሲጻፍ የታደሰ «ደ» በአንድ ወይም በሁለት ፊደል ሊመጣ ስለሚችል በመጽሐፉ ሽፋን ላይ ያለው አጻጻፍ ይወሰዳል።

ይህ ግን ለሁሉም አይሠራም። በአሜሪካ የሚኖሩት ልብ ወለድ ጸሐፊዎች ዲናው መንግስቱና መዓዛ መንግስቴ የሚመደቡት በሁለተኛው ስማቸው ነው። ስለዚህ በውጭ አገር የሚያሳትም ደራሲ ሲጠቀስ ራሱ በጽሑፎቹ ላይ ስሙን እንዴት እንደሚጠቀም ማየት ያስፈልጋል። መመሪያው በግልጽ ካዘዘም አማካሪውን አስቀድሞ ማነጋገር ይሻላል፤ ከረቂቁ በኋላ የሚደረግ እርማት ዝርዝሩን ሁሉ ያናጋል።

ዓመተ ምሕረት

«ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ 1958 ብቻ ቢጻፍ አንባቢው እንደ ጎርጎርዮሳዊ ስለሚወስደው መጽሐፉ ስምንት ዓመት ያህል ያረጃል። ልዩነቱ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ነው። የታተመበት ወር ካልታወቀ «1958 ዓ.ም. (1965/66 እ.ኤ.አ.)» ብሎ ሁለቱንም መጻፍ ከስህተት ያድናል። ጽሑፉ በሙሉ በአማርኛ ከሆነና የውጭ ምንጮችም ካሉበት ከእነርሱ ዓመት ጎን «እ.ኤ.አ.» ማስገባት ይበቃል።

በኮምፒውተር ሲሠራ

የማጣቀሻ ፕሮግራሞች የመጨረሻውን ቃል የቤተሰብ ስም አድርገው ይወስዳሉ። በዞቴሮ ከስሙ ጎን ባለችው ትንሽ ምልክት ሁለቱን ሳጥኖች ወደ አንድ መቀየር ይቻላል። በቢብቴክ ሙሉ ስሙ በድርብ ጥምዝ ቅንፍ ሲታጠር አይቆረጥም። በማይክሮሶፍት ወርድ የተለየ ቦታ ስለሌለ ስሙን የድርጅት ደራሲ በሚለው ሳጥን ማስገባት ይሠራል፤ ድርጅት አለመሆኑን ፕሮግራሙ አያጣራም።

የአማርኛ ዝርዝር በፊደል ሲደረደር ኮምፒውተሩ የዩኒኮድን ቅደም ተከተል ይከተላል፤ እርሱም ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ የሚለው የተለመደው ነው። ነገር ግን ኃይሉ፣ ሐይሉና ሀይሉ ተብሎ የተጻፈ አንድ ሰው በሦስት ቦታ ተበታትኖ ይገኛል። ከመደርደሩ በፊት የአንዱን ደራሲ ስም በአንድ ፊደል ማስተካከል የተማሪው ሥራ ነው።