የኋላው ድምፅ ማጉያ በኢሉባቦር መኪኖች

ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በኢሉባቦር ደን መካከል የተቀመጠችው ጎሬ፥ በዓመት ወደ 2000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ የሚወርድባት ከተማ ናት፤ ከእርስዋ ዝቅ ብላ በሶር ወንዝ አጠገብ የተቆረቆረችው መቱም፥ ወደ ምሥራቅ የሚገኙት ሁሩሙ፥ ያዮና በደሌም ከዚሁ በረከት ድርሻቸው ብዙ ነው። በዚህ ጽሑፍ ላነሣው የወደድሁት ነገር፥ ይኸውም በመኪና የኋላ ክፍል የሚገጠመው ድምፅ ማጉያ ወደዚህ አገር እንዴት እንደ ገባ፥ እንዴት እንደ ተበላሸና እንዴት እንደ ተጠገነ፥ ከዝናቡ ተለይቶ ሊተረክ አይችልም።

አስቀድሞ ዝናብ ለኢሉባቦር በር ከፋች ነበረ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፥ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ውል መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቆም ከተፈቀደ በኋላ፥ ከካርቱም የሚነሡት የእንፋሎት መርከቦች ጣቢያው ወደ ቆመበት ወደ ጋምቤላ የሚደርሱት ወንዙ በክረምት ውሃ ሲሞላ ብቻ ስለ ነበረ፥ የጎሬ ነጋዴ ቡናውን በበቅሎና በሰው ሸክም በቡሬ በኩል አውርዶ የሰማዩን ደመና በተስፋ ይጠባበቅ ነበር። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ ከወጣች በኋላ የጋምቤላው ጣቢያ ወደ ኢትዮጵያ ሲመለስና የመርከቡ ንግድ እየደከመ ሲሄድ፥ የአገሩ ፊት ወደ ጅማና ወደ አዲስ አበባ ዞረ፤ ያን ጊዜም በር ከፋች የነበረው ዝናብ በር ዘጊ ሆነ።

በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቁሞ የአገሪቱ መንገዶች እየተዘረጉ በሄዱበት ዘመን፥ ሾፌሮቻችን ኤንትሬ የሚሉት የፊያት የጭነት መኪናና ካቻማሊ የሚባለው አውቶቡስ ከአጋሮ ተነሥተው ዲዴሳን እየተሻገሩ፥ በደምቢና በበደሌ አድርገው፥ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ወደ መቱ መመላለስ ያዙ። በጋ ሲሆን አቧራው፥ ክረምት ሲሆን ጭቃው ተሳፋሪውን ሲያንገላታው የዋለበት መንገድ ነበረና፥ በዚያ ሁሉ ድካም ውስጥ ሰውን የሚያጽናና የዜማ ድምፅ መፈለጉ አይደንቅም።

መጀመሪያ የመጣው ሬዲዮ ነው። የዚያን ጊዜው የመኪና ሬዲዮ በአብዛኛው ከሾፌሩ ፊት ካለው ሰሌዳ ሥር የተሸሸገ አንድ ድምፅ ማጉያ ብቻ ነበረው፤ ይህም ንፍገት አልነበረም። የመካከለኛ ሞገድ ስርጭት የሚሸከመው የድምፅ ስፋት ጠባብ ስለ ሆነ፥ ዜናውንም፥ ስብከቱንም፥ ዘፈኑንም ለማሰማት አንዲት ትንሽ የወረቀት ድምፅ ማጉያ ትበቃ ነበር። በ1955 ዓ.ም. የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ ከአዲስ አበባ መሰማት ሲጀምር፥ ኋላም በ1970 ዓ.ም. ገደማ የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማነት ከጎሬ ወደ መቱ ሲዛወር፥ የመንግሥት ሬዲዮም በመቱ የመካከለኛ ሞገድ ማሰራጫ ሲኖረው፥ አድማጩ በረከተ። ሾፌሩ ግን ጣቢያው ያሰማውን ከመስማት በቀር የራሱ ምርጫ አልነበረውም።

ምርጫውን የሰጠው ካሴት ነው። ፊሊፕስ የተባለው የኔዘርላንድ ኩባንያ ካሴትን ለዓለም ያስተዋወቀው ብሥራተ ወንጌል በተከፈተበት በዚያው በ1955 ዓ.ም. ሲሆን፥ በአገራችን ሸክላን ጨርሶ የተካው ግን በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው። የሩቅ አገር ሾፌር ከመርካቶ አዲስ የወጣ ካሴት ገዝቶ በመንገድ ሁሉ እያሰማ ሲጓዝ፥ የበደሌና የያዮ ሰው የጥላሁን ገሠሠን፥ የማሕሙድ አሕመድን፥ የአሊ ቢራን አዲስ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ከሬዲዮ አስቀድሞ ከቆመ አውቶቡስ መስኮት ነበረ። እኔ እንደማምነው፥ በጫካና በወንዝ ተለያይተው የኖሩትን ከተሞች ጆሮ አንድ ያደረገው ከማናቸውም ይልቅ ይህ ነው።

ካሴቱ ግን ድምፁን በሁለት ከፍሎ፥ ለግራና ለቀኝ አድሎ የሚያወጣ ስለ ነበረ፥ አንዲቱ የፊት ድምፅ ማጉያ አልበቃችውም። ስለዚህ ባለመኪናዎች ፊታቸውን ወደ ኋላው ክፍል መለሱ። አንዳንዱ መኪና ለዚሁ የተዘጋጀ ቀዳዳ ነበረው፤ ያልነበረው ግን ከኋላ መስተዋት ሥር የተዘረጋው ሰሌዳ ተቀድዶ፥ ክብ ወይም ሞላላ ድምፅ ማጉያ ተገጠመለት። ቦታው የተመረጠበት ምክንያት አለው። ድምፅ ማጉያ በባዶ አየር ላይ ቢሰቀል ከፊቱ የሚወጣው ድምፅና ከጀርባው የሚወጣው ድምፅ እየተገናኙ ወፍራሙን ዜማ ያጠፉታል፤ በሰሌዳ ላይ ሲታሰር ግን ከሥሩ ያለው የዕቃ ማስቀመጫ እንደ ከበሮ ሆድ ሆኖ ያገለግለዋል። ቆዳው ምንም ቢያምር ያለ ሆዱ ከበሮ እንደማይሆን የማኅሌት ሰዎች ያውቁታል።

ከበሮን የሚያውቅ ሰው እርጥበት ቆዳውን እንዴት እንደሚያላላውም ያውቃል፤ ድምፅ ማጉያውንም ያገኘው ይኸው መከራ ነው። በ1925 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ራይስና ኬሎግ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን መሐንዲሶች መግለጫውን ካሳተሙለት ጊዜ አንሥቶ ሥርዓቱ ብዙ አልተለወጠም፤ በማግኔት መካከል የተንጠለጠለ ቀጭን የሽቦ ጥቅል አለ፥ ከጥቅሉ ጋር የተጣበቀ የወረቀት ቀፎ አለ፥ ቀፎውንም ከዳርቻው የሚይዝ ለስላሳ ጠርዝ አለ። የኋላ መስተዋቱ ጎማ በእርጅና ሲሰነጠቅ የኢሉባቦር ዝናብ ጠብ እያለ ወረቀቱን ያርሰዋል፤ በጋ ሲመጣ ፀሐይ ጠርዙን ታደርቀዋለች፤ ቀዩ አቧራም በጥቅሉና በማግኔቱ መካከል ገብቶ ይፈጨዋል። ከዚያ በኋላ የሚወጣው ድምፅ የሚሻክርና የሚንኮሻኮሽ ይሆናል።

ይህን የሚፈውሰው የመኪና ኤሌክትሪሺያን ሥራውን የሚጀምረው ከብሎኑ ሳይሆን ከውሃው ነው። ባልዲ ውሃ በመስተዋቱ ላይ አፍስሶ የሚንጠባጠብበትን ቦታ ይፈልጋል፤ ይህን ሳያደርግ አዲስ ድምፅ ማጉያ የሚገጥም ሰው የባለመኪናውን ገንዘብ ለመጪው ክረምት ያስረክባል። ቀጥሎ የመቀመጫውን መደገፊያ አውጥቶ፥ ሰሌዳውን እንዳይሰበር በቀስታ አንሥቶ፥ የዛጉትን ብሎኖች ዘይት አጠጥቶ በካቻቢቴ ይፈታል። ሽቦውን አይቆርጥም፤ ከድምፅ ማጉያው ምላስ ላይ በፒንሳ ይነቅለዋል። ከሁለቱ ምላሶች ሰፊው የፖዘቲቭ፥ ጠባቡ የነጌቲቭ መሆኑን ልብ ይላል፤ ምልክቱ በዝገት የጠፋ እንደ ሆነ፥ አንድ የባትሪ ድንጋይ ወስዶ ለቅጽበት ያነካካዋል፤ ወረቀቱ ወደ ውጭ ከገፋ፥ የድንጋዩ ፖዘቲቭ ጫፍ የነካው ምላስ ፖዘቲቭ ነው። ይህ የሚናቅ ጥንቃቄ አይደለም፤ ከግራውና ከቀኙ ድምፅ ማጉያ የአንዱ ብቻ ፖዘቲቭና ነጌቲቭ ሽቦ ቢዘዋወር አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባልና፥ ሁለቱም ደኅና ሳሉ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል። በመጨረሻ ከአሮጌ ካላማዳሪያ የተቆረጠ ቀለበት ከሥሩ አንጥፎ፥ ብሎኖቹን በመስቀለኛ አንጻር ጥቂት በጥቂት ያጠብቃል።

አዲስ ድምፅ ማጉያ በቀላሉ በማይገኝበት ዘመን ግን ሥራው ከመተካት ያለፈ ጥበብ ነበረ። የተቀደደው ወረቀት በስስ ወረቀትና በማስቲሽ ይጠገናል፤ የተቃጠለው ጥቅል ተፈትቶ፥ ዙሩ ተቆጥሮ፥ በዚያው ውፍረት ባለ የመዳብ ሽቦ እንደገና ይጠቀለላል፤ የተበጠሰው የጥቅሉ ጅራት በስታኞ ይበየዳል። ጥቅሉ በፀጉር ስፋት እንኳ ቢያዘነብል ማግኔቱን ይነካልና፥ ይህን አስተካክሎ የሚሠራ ሰው በእውነት ጠቢብ ሊባል ይገባዋል፤ ስሙ በመጽሐፍ አለመጻፉ የእኛ ጉድለት ነው።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ስለ ጣለ፥ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖችን ማስገባት ስለ ተከለከለ፥ በአገር ውስጥ ያሉት አሮጌዎቹ ቶዮታ ዲኤክሶችና ቮልሶች ገና ለብዙ ጊዜ ይነዳሉ። ካሴቱ አልፎ ፍላሽና ስልክ ቢተካውም፥ ድምፁ ዛሬም የሚወጣው በዚያው በወረቀትና በማግኔት ነው። ስለዚህ በመቱና በበደሌ አሮጌ መኪና ያላችሁ ወገኖቼ ሆይ፥ የሻከረውን ድምፅ ማጉያ ከመጣላችሁ በፊት ለአሮጌው ባለሙያ አሳዩት፤ የመቱ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎችም እነዚህ ጠጋኞች በሕይወት ሳሉ ወደ ጋራዦቹ ሄዳችሁ፥ ሙያቸውን ከአፋቸው ሰምታችሁ እንድትጽፉልን እለምናችኋለሁ።